ማን ይሆን ያስቀረኝ

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ውሃ ዛሬም የለም። ሁለት ጀሪካን ቀርቶናል። ታሪኩ ወርቃ ከተማ ነው፤ እሸት ቡና በብዛት የሚገባበት ጊዜ ስለሆነ ከቡና ማጠቢያው ንቅንቅ አይልም። ባሌ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ግን የቡናው ነው። እኔ ፈተና ሳርም ዋልኩ። 6ኛ «ሀ» አልቋል። 6ኛ «ለ» ይቀራል።

አንድ ነገር ልንገርሽ ደብተሬ። በዕረፍት ሰዓት የ«ለ» ልጆች ዴስክ እየደበደቡ ይዘፍናሉ። ከውጭ በመስኮት ሰማሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። የኔ መዝሙር ነዋ! በ19 ዓመቴ የጻፍኩት፣ እዚህ ዲላ በቤ/ክ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው።

በሩን ከፈተልኝ፣ ደጁንም አሳየኝ፣

ቆም ብዬ አብሬ በልቤ ቀጠልኩ። «እግሬ ደስ ብሎታል፣ በቤቱ አስቀመጠኝ።» ልጆቹ ግን ወደዚያ አልሄዱም።

እግሬ እዚህ ቀርቷል፣ ማን ይሆን ያስቀረኝ?

ከዚያ ድብደባ፣ ጩኸት፣ አንዱ በአፉ ጊታር ይጫወታል። ገባሁ። ጸጥ አሉ። ከየት አመጣችሁት? አንዷ ብቻ፣ ስልክ ላይ ነው ቲቸር፣ አለችኝ አንገቷን ደፍታ።

የቤት ሥራ ሰጥቼ ወጣሁ። ቀይ እስክሪብቶውን መክደን አቃተኝ። ተናድጄ ነው? አላውቅም።

ኅዳር 9፣ ማክ.

ሕይወትን ጠየቅኳት። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፤ ከተማው ውስጥ የሚዘፈነውን ሁሉ ከኔ ደብቃ ታውቃለች። መጀመሪያ ካደች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

ሮክ ነው። ሦስት ልጆች፤ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም። የሚዘፍነው ናሆም ነው። ናሆምን አወቅኩት! የሰንበት ልጆችን ሳስተምር ከፊት ወንበር የሚቀመጠው፣ ጥርሱ የወለቀው። አሁን ጢም አብቅሏል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሊሰበር ይደርስና አይሰበርም።

ሙሉውን ሰማሁት። የኔ ሁለት ስንኝ ብቻ አይደለም የተወሰደው። መሐል ላይ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ የሚሉት የጌዴኦኛ ዜማ አለ፤ ጊታሩ ነው የሚለው፣ ያለ ቃል። እናቴም ትለው ነበር። መጨረሻው ላይ ደግሞ የመናኸሪያ ረዳቶች ጥሪ፦ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እየደጋገመ፣ እየደጋገመ፣ መኪናው ሳይወጣ ዘፈኑ ያልቃል።

ሕይወት ዓይን ዓይኔን ታያለች። ተናደድሽ እንዴ እማዬ? አልተናደድኩም አልኳት። ወጥ ልታማስል ገባች። እኔ ደግሜ ከፈትኩት። ከዚያ ሦስተኛ።

አንድ ነገር እዚህ ብቻ ልጻፈው። «ያስቀረኝ» የሚለው ቃል። ልጁ ከየት አመጣው?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

እንዳልረሳው ልጻፍ። ላንቺም ቢሆን ነግሬሽ አላውቅም።

መዝሙሩን የጻፍኩት የ12ኛ ክፍል ውጤት በመጣ ሳምንት ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ነበር። ከወናጎ አልፌ ሄጄ አላውቅም፤ ባሕር ዳርን ካርታ ላይ በጣቴ ለካሁት። ከዲላ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ። በደስታ ተንበርክኬ ጸለይኩ፤ ስነሳ ስንኙ አፌ ላይ ነበር፦

በሩን ከፈተልኝ፣ ደጁንም አሳየኝ፣
እግሬ ደስ ብሎታል፣ ማንም አያስቀረኝ።

እንዲህ ነበር። «ማንም አያስቀረኝ።» ለኳየሩ መሪ ለጋሽ ሳሙኤል ወሰድኩለት። ዜማውን ወደደው። ሁለተኛዋን ስንኝ ግን ትዕቢት ትመስላለች ልጄ አለኝ፤ «በቤቱ አስቀመጠኝ» እንበላት። እሺ አልኩ። ጋሽ ሳሙኤል ያለውን እንቢ የሚል ማን ነበር? ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እግር ደስ ብሎት ይቀመጣል እንዴ?

ከዚያ አባቴ ታመመ። የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ። ለከርሞ ትሄጃለሽ ተባለ። ለከርሞ ታሪኩ ሽማግሌ ላከ። ጥሩ ሰው፣ የቤ/ክ ልጅ፣ ማን ምን ይላል? ዲፕሎማዬን እዚሁ በማታ ተማርኩ። መዝሙሩ በየቤ/ክኑ ዞረ። ይርጋጨፌ ሄደ፣ ሐዋሳ ሄደ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ አሉ። እኔ እዚህ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ሳሙኤል ጠራኝ። አሁን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነው፤ ከዘራ ይዟል። ሌሎቹም ነበሩ። ወንበር ሰጡኝ። ሲጠሩኝ ገብቶኝ ነበር።

መዝሙር ወደ ዘፈን ወረደ፤ ነገሩ ይህ ነው። የቤ/ክ ልጅ በጌታ መዝሙር ላይ ከበሮ ደብድቦ «ማን አስቀረኝ» ሲል፣ ቤ/ክ አስቀረችኝ ማለቱ ነው አሉ። ናሆም ኅዳር 27 በከተማው አዳራሽ ያሳያል። ትኬት ይሸጣል። ወጣቱ ሁሉ ሊሄድ ነው። ስለዚህ የመዝሙሩ ባለቤት እኔ ስለሆንኩ፣ በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤ ፊት ቆሜ፣ መዝሙሬን ያለ ፈቃዴ ወስዶ አፌዞበታል፣ ወጣቶች እንዳትሄዱ ብዬ እንድናገር። ከዚያ የአዳራሹን ኃላፊዎች እነሱ ያናግራሉ።

ላስብበት አልኩ። ምን ያሳስባል? አለኝ አንዱ። ጋሽ ሳሙኤል ግን በለሆሳስ፣ ታሪኩን አናግረነዋል፣ እሺ ብሏል፣ አለ።

ታሪኩ እሺ ብሏል! እኔን ሳትጠይቁ? አላልኩም። አንገቴን ነቀነቅኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም፤ እነሱ ግን እሺ ማለቴ ነው ብለው ጸለዩልኝ።

ቤት ገብቼ ደወልኩለት። ኔትወርክ ይቆራረጣል። ከኋላው የቡና መፈልፈያው ማሽን ይጮኻል። የቤ/ክ ሽማግሌ ነኝ ማርታዬ፣ የኔ ቤት ከሌላው ቤት ቀድሞ መቆም አለበት አለ። ሁለት ደቂቃ ተናግረሽ ትቀመጫለሽ፣ በቃ።

በቃ። ይቺን ቃል ይወዳታል።

ኅዳር 16፣ ማክ.

ት/ቤት ሁሉም ሰምቷል። መምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬ ይቆማል። የሒሳብ አስተማሪው፣ አይዞሽ፣ አሳያቸው አለኝ። ማንን? ልጆቹ ደግሞ እኔን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። አንዱ ግን ሳያስበው፣ ደብተሩን እየሰጠኝ፣ ያንጎራጉረው ነበር። ራሱ ደነገጠ። አብሬው ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

ሌሊት እተኛለሁ። ቀን ነው የሚጨንቀኝ። በየሄድኩበት የሚጠብቀኝ ሰው አለ፤ ምን እንደምናገር ከኔ ቀድሞ የሚያውቅ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ። 11 ሰዓት

ዘነበ። ከት/ቤት ስወጣ ባጃጅ ጠራሁ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ፣ ነጂው ዞረ፣ ናሆም። ባጃጁ የአጎቱ ነው። ጊታሩ ከኋላ ወንበር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከጎኔ።

ወርጄ ልሂድ? ዝናብ ነው። ተቀመጥኩ። ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ እሱ ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ።

«ቲቸር፣ እሑድ ሊናገሩብኝ ነው አሉ።»

«ከማን ሰማህ?»

«ተሳፋሪ ነው የነገረኝ። እኔ መሆኔን ሳያውቅ።» ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። «ልለምንዎት አይደለም። እውነቱን ግን ይወቁት። አልቀለድኩም። ሮክ ላይ የድሮ ዜማ መንካት ነውር አይደለም። ሰላምታ በሉት። ከማን ቤት እንደወጣህ ታሳያለህ፤ ከዚያ ያደረብህን ጥያቄ ትጠይቃለህ። እኔ ሌላ ቤት የለኝም። ያደግኩት በእርስዎ መዝሙርና በእማዬ እንሰት ፍቂያ ነው። ከዚያ ውጭ የማውቀው መናኸሪያውን ነው።»

ታዲያ ለምን ቃሉን ገለበጥከው አልኩት። ድምፄ የአስተማሪ ሆነብኝ።

«አልገለበጥኩም ቲቸር። እርስዎ ሲሉት ሰምቼ ነው።»

መቼ? አልኩት።

«ሰባት ስምንት ዓመቴ ነው። ልጆች ወጥተው እኔ ወንበር ስደረድር ቀረሁ። ብቻዎን መስሎዎት ሰሌዳ እያጠፉ ይዘምሩ ነበር። ‹ማንም አያስቀረኝ› ነበር ያሉት። ቤት ሄጄ ለእማዬ ስዘምርላት ተሳስተሃል አለችኝ። እኔ ግን ሰምቻለሁ። አልሰማሁም?»

ሰምተሃል አልኩት። ይህንን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ስለራሱ ነገረኝ፤ እየቆራረጠ። በሲቪል ምሕንድስና ተመርቋል። ጋውን ለብሶ ፎቶ ሲነሳ እናቱ በሩ ተከፈተልህ ብላ እልል አለች። ከዚያ ወዲህ ሥራ የለም፤ በዚህ ባጃጅ ከመናኸሪያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል መናኸሪያ። አንድ ቀን ተሳፋሪ ጠብቆ ተቀምጦ ያቺ የኔ ስንኝ መጣችበት። እርስዎ «ማንም አያስቀረኝ» ብለው ነበር አለ፤ ግን እዚሁ ነዎት፣ እኔም እዚሁ ነኝ። ታዲያ ማን ነው ያስቀረን? ብዬ ጻፍኩት።

ሂሳብ ልከፍል ስል እንቢ አለ። ወረድኩ። በር ላይ ቆሜ ቁልፉን ፈልጌ አጣሁት፤ ለካ እጄ ላይ ነው።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ከት/ቤት በቀጥታ ጋሽ ሳሙኤል ቤት ሄድኩ። ልጣላው ነበር የሄድኩት። ቃሌን ይመልሱልኝ ልለው። በመንገድ ላይ ሁሉ ተለማመድኩት።

በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጧል። እሑድ የምናገረውን ላሳየው የመጣሁ መሰለው፤ ደስ አለው። ጋሽ ሳሙኤል፣ መዝሙሩን ሳመጣልዎት ሁለተኛዋ ስንኝ ምን ትል ነበር? አልኩት።

«በቤቱ አስቀመጠኝ ነዋ።»

«አይደለም። እርስዎ ነዎት የቀየሯት። ማንም አያስቀረኝ ነበር የምትለው።»

ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። የእውነት አሰበ። «እኔ ቀየርኩት? ኧረ አይደለም ልጄ። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር።»

አያስታውስም! ስንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር፣ እሱ ዘንድ የለም። ልጣላው ብል እንኳን የምጣላበት ነገር የለም።

ከዚያ መዘመር ጀመረ። ለብቻው፣ ቀስ ብሎ፣ የሽማግሌ ድምፅ። በሩን ከፈተልኝ። ደጁንም አሳየኝ። «በቤቱ አስቀመጠኝ» ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ልጁ ዮናታን የዛሬ ጥቂት ዓመት በመኪና አደጋ ነው የሞተው፤ መቃብሩ ላይ እኛ ኳየሮቹ ይህንኑ ነበር የዘመርነው። ረስቼው! እኔ እኮ ነበርኩ የመራሁት። ጋሽ ሳሙኤል እጄን ያዘ።

«በዚህች ቃል ነው የቆምኩት ማርታ። ልጄን በቤቱ አስቀምጦታል። ይህንን ነው ያ ልጅ ‹ማን አስቀረኝ› ብሎ የሚያፌዝበት። ገባሽ?»

ገባኝ። ልጣላው ሄጄ እንባውን ጠርጌ መጣሁ። ያቺ የጠላኋት ስንኝ የኔ አይደለችም፤ የሱ ናት። የሟቾቹ ሁሉ ናት። ከሱ እጅ ልወስዳት አልችልም። የናሆምንም ከናሆም እጅ ልወስድ አልችልም። ሁለቱም ከኔ ነው የወሰዱት፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ መሐል ላይ።

ኅዳር 20፣ ቅዳ. ከሰዓት

ታሪኩ መጣ። የቡና ገለባ ይሸታል፤ እወደዋለሁ ያንን ሽታ። ሕይወት ቆጮ ጋገረች። በልተን ስንጨርስ፣ ነገ የምትናገሪውን አሰብሽበት? አለ። አልናገርም አልኩት።

ያስቆጣው መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። ደከመው። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ባሕር ዳር፣ ስለ መጀመሪያዋ ስንኝ፣ ስለ ናሆም፣ ስለ ጋሽ ሳሙኤል። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እኔ አልከለከልኩሽም» አለ።

«አልከለከልከኝም። አልጠየቅከኝምም።»

«አንቺስ ተናገርሽ?»

ይህቺ ናት የወጋችኝ። አልተናገርኩም። አንድ ቀን እንኳን። ሽማግሌ ሲልክ፣ ስንጋባ፣ ሕይወትን ስወልድ፣ አንድ ቀን ልማር እፈልጋለሁ ብዬ አላውቅም። በመዝሙር ብቻ ነው የተናገርኩት፣ እሱንም አስቀይሬ።

ሕይወት ዕቃ እያጠበች ሁሉንም ትሰማለች። ታሪኩ ወደ ጓሮ ሲወጣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

«እማዬ፣ ለምን አልሄድሽም?»

አያትሽ ታሞ ነበር አልኳት። «ከዳነ በኋላስ?» አለች።

በርበሬ ልለቅም ተቀመጥኩ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ሳይጠፋብኝ ልጻፍልሽ።

ማስታወቂያ ከተነገረ በኋላ ጠሩኝ። ማይኩ ጋ ደረስኩ። ቤ/ክኑ ሙሉ ነው። ናሆም እናቱ አጠገብ፣ ከኋላ፣ በሩ ጥግ። መጥቷል! ሲያዋርዱኝ ልስማ ብሎ። ታሪኩ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፊት።

ተለማምጄው የነበረው ሁሉ ጠፋ። ያልኩት ይህ ነው፤ ሕይወት ረድታኝ አስታውሼ ነው የምጽፈው፦

«ይህንን መዝሙር ስጽፍ ሁለተኛዋ ስንኝ ሌላ ነበረች። ማንም አያስቀረኝ ትል ነበር። ልማር ልሄድ ነበር፣ ደስ ብሎኝ። ከዚያ ተቀየረች። የተቀየረችውን ጠልቻት ነበር፤ አሁን አልጠላትም። ሙታኖቻችንን የቀበርንባት ናት፤ ዘምሯት። ናሆም ግን የቤ/ክርስቲያንን ቃል አልሰረቀም። እሱ የወሰደው የኔን የልጅነት ቃል ነው። የኔ ነበር፤ ሰጥቼዋለሁ። ወጣቶች አትሂዱ በዪ ተብዬ ነበር፤ ያንን ማለት አልችልም። እሱ የጠየቀውን እኔ ጠይቄ አላውቅምና አፍሬያለሁ።»

ተቀመጥኩ። አሜን የለም፣ ምንም የለም። አንድ ሕፃን ብቻ ያለቅሳል። ጋሽ ሳሙኤል ከዘራው ላይ አገጩን አስደግፎ መሬት መሬት ያያል። በጣም ከቆየ በኋላ ከኳየሩ አንዷ ሌላ መዝሙር አነሳች፤ ሁሉም እንደ ጎርፍ ተከተላት።

ታሪኩ እየቀደመኝ ሄደ። ምሳ አልበላም። ልብሱን አንጠልጥሎ ወደ መናኸሪያ። በሩን አልወረወረውም፤ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 23፣ ማክ.

ሁለት ሽማግሌዎች ቤት መጡ። ጋሽ ሳሙኤል የለም፤ አሞታል አሉ። እስከ ገና ከኳየር ዕረፍት ውሰጂ። ቅጣት አይደለም አሉ፤ ዕረፍት ነው። ቁልፉን ጠየቁኝ፣ የመሣሪያ ክፍሉን። ሰጠኋቸው። ቁልፉ ከኔ ጋር ስንት ዓመት እንደቆየ አሁን ነው ያሰብኩት፤ ጣቴ ላይ ቅርጹ አለ።

የከተማው አዳራሽም ፈቃዱን አነሳ። ለናሆም ጥገና አለ ብለውታል። ወናጎ፣ የአንድ ዘመዱ የቡና መጋዘን ግቢ ውስጥ ሊያደርገው ነው፤ በቀን፣ በነጻ። ሕይወት ናት የነገረችኝ።

የሒሳብ አስተማሪው ሰላም አይለኝም። የ6ኛ «ለ» ልጆች ግን ሰሌዳውን ሳላዛቸው አጥፍተው ጠበቁኝ።

ከት/ቤት ቤት። ከቤት ት/ቤት። ኳየርም የለም። ለካ መውጫዬ እሱ ብቻ ነበር። ለአንድ ቃል ብዬ ያለችኝን አንዲት መስኮት ዘጋሁ። ደግ አደረግሁ? ዛሬ አይመስለኝም። ዛሬ ግድግዳው ሁሉ የተጠጋኝ ይመስለኛል።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ታሪኩ ደወለ። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያው። ማሽኑ ቆሟል፤ ጸጥታ ነው።

ሽማግሌነቱን ሊለቅ እንደሆነ ነገረኝ። አባረሩህ? አልኩት። አላባረሩኝም፣ ግን እንዴት ፊታቸው እቀመጣለሁ? አሳፈርሽኝ ማርታ። ትንሽ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ።

«አለሁ» አለ። «ማታ ማታ እያሰብኩት ነው። ባሕር ዳር የእውነት ይቆጭሻል?»

«አዎ።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«አላውቅም ነበር።» አለ። «እሑድ እመጣለሁ። ምን እንደምትፈልጊ ንገሪኝ። እኔ መገመት አልችልበትም።»

ምን እንደምፈልግ! ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጥያቄው ከመጣ አይቀር መልሱ ዝግጁ መሆን ነበረበት። የለም። ባዶ። ስንት ዓመት ሰው ከለከለኝ ስል፣ ምን እንደተከለከልኩ ረስቼዋለሁ።

ኅዳር 27፣ ቅዳ.

ወናጎ ሄድን፤ እኔና ሕይወት። በሚኒባስ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ። ማን ያየኛል ብዬ። ሁሉም አየኝ።

ግቢው ሙሉ ነው። የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹን አጋጥመው መድረክ ሠርተዋል። ድራሙ ሲመታ የአልጋው እንጨት ይንጫጫል፤ የቀረ ፍሬ ከሽቦው ላይ ይዘላል። የናሆም እናት ከፊት፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ግን አትሄድም። ባጃጅ ነጂዎች፣ ተማሪዎች፣ ቡና ለቃሚ ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው። ከኳየር አራቱ! ሲያዩኝ ተደበቁ፤ ከዚያ መደበቁን ተዉት።

የኔዋን ለመጨረሻ አስቀራት። ምንም መግቢያ አልተናገረም። ጊታሩ እንሰት ፍቂያውን ብቻውን ጀመረ፤ ለቃሚዎቹ ሴቶች ገና ሁለቱን ድምፅ ሲሰሙ በጌዴኦኛ ተቀበሉት። ሳያዛቸው። ናሆም ራሱ ደንግጦ ጣቱ ተሳሳተ። ከዚያ ድራሙ፣ ከዚያ የኔ ስንኝ። ሁሉም ያውቀዋል። «ማን ይሆን ያስቀረኝ?» ሲሉ ግቢው ሙሉ አንድ አፍ ሆነ። ከአጠገቤ ያለው ባጃጅ ነጂ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጮኸው። የሚያፌዝ ሰው እንዲህ አይደለም። ጋሽ ሳሙኤል እዚህ በኖረና ባየ አልኩ።

እኔ አልጮኽኩም። በሦስተኛው ላይ ብቻ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ግን የድሮው ነው። ማንም አያስቀረኝ። እነሱ ይጠይቃሉ፣ እኔ ያንን እላለሁ፣ በአንድ ዜማ፣ ልክክ ብሎ። ሕይወት ዞራ አየችኝ። ክንዴን ያዘች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መሸት ሲል ጠየቀችኝ፤ አሁንም መማር ትፈልጊያለሽ? እንዲያው በቀልድ። በዚህ ዕድሜ? አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች፤ የኛ ባዮሎጂ ቲቸር ክረምት ክረምት እየሄደ ይማራል፣ ካንቺ ይበልጣል አለች።

ኅዳር 28፣ እሑድ። 9 ሰዓት

ቤ/ክ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከኳየሩ ውጭ ስዘምር ድምፄን አላውቀውም። ጋሽ ሳሙኤል መጥቷል፣ ከስቷል። ስንወጣ እጁን ሰጠኝ። ቶሎ አልወሰደውም።

ከዚያ ጀምሮ ተቀምጬ እያሰብኩ ነው። ማን ነው የሚያስቀረኝ? አንድ በአንድ ፈለግኩ። አባቴ አርፏል። ሕይወት እህል ታበስላለች፣ ለራሷም ለአባቷም። ክረምት ላይ ት/ቤት ዝግ ነው። ክረምት ላይ ቡና የለም፤ ታሪኩ ቤት ነው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ያያል። ኳየርም የለኝ። ምክንያት ፈለግኩ ደብተሬ፣ የምይዘው ነገር ፈለግኩ። አጣሁ። ፈራሁ። በሩ ላይ የሚቆም ሰው ባይኖርም ያስፈራል ለካ።

ክረምት ክረምት የዲግሪ ትምህርት። ለመምህራን አለ፤ ርዕሰ መምህሩ በየዓመቱ ይናገራል፣ በየዓመቱ አልሰማሁም። እዚሁ ዲላም መማር ይቻላል አለችኝ ሕይወት፤ ሐዋሳም ቅርብ ነው። አይ አልኳት። ባሕር ዳር። በጣም ሩቅ ነው እማዬ፣ ሁለት ቀን መንገድ ነው። አውቃለሁ አልኳት። ሩቅ ስለሆነ ነው።

ነገ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ እገባለሁ። ተወስኗል። ጻፍኩት።

ታሪኩ ከመናኸሪያ ደወለ፤ ደርሷል። ምን እንደምትፈልጊ ንገሪኝ ብሎ ነበር። ፈቃድ አልጠይቀውም። እነግረዋለሁ። ክረምት አልኖርም እለዋለሁ። ቢቆጣ ይቆጣ፣ ቢያኮርፍ ያኩርፍ፣ ግን በሥርዓት፣ ፊት ለፊት፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ውሃ እንኳን ሳይጠጣ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር በፊት

የግቢው በር ተንኳኳ። ሄድኩ